ልሳንን በልሳን ማስተማር፤ ከሮማ እስከ ሞንትሪያል

ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሮማ በደረሰ ጊዜ ዕድሜው ገና 25 ዓመት ሲሆን፣ ግእዝን ያለ መምህር፣ በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ይገኙ ከነበሩት ጥቂት የታተሙ መጻሕፍት፣ በራሱ ትጋት የተማረ ሰው ነበር። ፊደሉን ለይቶ ያውቃል፤ የግሡንም እርባታ በተቻለው መጠን አጥንቶአል፤ ነገር ግን የተማረው ልሳን ከዓይኑ አልፎ ወደ ጆሮው አልደረሰም፣ አንደበቱም አልተለማመደውም። በቫቲካን ውስጥ በሚገኘው፣ ከኢትዮጵያ የሚሄዱ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ከጥንት ጀምሮ ያርፉበት በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት የመካነ ሥላሴውን ሰው አባ ጎርጎርዮስን ባገኘ ጊዜ ግን፣ እስከዚያ ድረስ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረው ዕውቀት በጥያቄና በመልስ ይፈተን ጀመር።

ወዳጅነታቸው በሮማ አልተወሰነም። የጎታው መስፍን ኤርንስት ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖትና ሥርዓተ መንግሥት ከአገሪቱ ልጅ አንደበት ለመስማት ስለ ፈለገ፣ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ዓ.ም. የአልፕስን ተራሮች አቋርጠው ወደ ጀርመን ሄዱ፤ ጥቂት ወራትም በመስፍኑ ዘንድ ተቀመጡ። በእነዚያ ወራት የተደረገውን ትምህርት ሳስብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየኝ፣ ሁለቱም ሰዎች በእውነት የሚፈላለጉ መሆናቸው ነው፤ መነኩሴው የአገራቸውን ነገር ሳይዛባ ለማስረዳት ይተጋሉ፣ ሉዶልፍ ደግሞ የሰማውን በትክክል ካልተረዳ ለመስፍኑ የሚያቀርበው አይኖረውም፤ ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ለልምምድ ያህል የተፈጠረ ሳይሆን መልሱ የሚያስፈልግ ጥያቄ ነበር። ከግእዙም ጋር አማርኛውን ቃል በቃል፣ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ከእርሳቸው ተቀበለ። ከተለያዩም በኋላ በደብዳቤ ይጠያየቁ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 ዓ.ም. በእስክንድሩን አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ዐረፉ፤ ሉዶልፍ ግን ከእርሳቸው የሰማውን ሲያመሳክርና ሲያርም አርባ ዓመት ቈይቶ፣ በ1698 ዓ.ም. የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አሳተመ።

አባ ጎርጎርዮስ ባረፉበት በዚያው በ1658 ዓ.ም. በኑረምበርግ ከተማ አንድ ታላቅ የሕፃናት መጽሐፍ ታተመ። ደራሲው በሃይማኖት ጦርነት ምክንያት ከአገራቸው ከሞራቪያ የተሰደዱት ጳጳስ ዮሐንስ አሞስ ኮሜንዮስ ነበሩ። በዘመናቸው የላቲን ትምህርት ማለት ሕፃኑ ትርጉሙን ያላወቀውን ሕግ በዱላ ፍርሃት መቀጸል በሆነ ጊዜ፣ እርሳቸው ቃል ያለ ነገር፣ ነገርም ያለ ቃል ሊማር አይገባም ብለው ተነሡ። በ1631 ዓ.ም. ባወጡት የላቲን መግቢያ መጽሐፍ፣ ስለ ዓለም ነገሮች ሁሉ በሚናገሩ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ቋንቋውን ለማስተማር ሞክረው ነበር፤ የኑረምበርጉ መጽሐፍ ግን ከዚያ አልፎ፣ በ150 ምዕራፎች ሰማዩን፣ እሳቱን፣ የንብ ቀፎውን፣ የዳቦ ጋጋሪውን ቤት፣ መቃብሩን ሳይቀር በሥዕል አቀረበ። በሥዕሉ ላይ እያንዳንዱ ነገር ቍጥር ተሰጥቶታል፤ ያው ቍጥር ከሥር በላቲንና በጀርመንኛ በተጻፈው ንባብ ውስጥ ከቃሉ አጠገብ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን ሕፃኑ ቃሉን ከሌላ ቃል ጋር ብቻ ሳይሆን ከሚያየው ነገር ጋር ያገናኛል። ዛሬ በዓለም ሁሉ በሥዕል የሚያስተምሩ የቋንቋ መጻሕፍት፣ ደራሲዎቻቸው ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ የዚህ ስደተኛ ጳጳስ ልጆች ናቸው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ወደ ኋላ የተመለሰ ነው። ላቲን ከሊቃውንት አንደበት እየጠፋ በመጽሐፍ ብቻ የሚኖር ልሳን በሆነ መጠን፣ መማሪያውም ሰዋስውና ትርጉም ብቻ ሆነ፤ በ18ኛውና በ19ኛው ምእት ዓመት እንደ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ያሉ ሕያዋን ልሳናት በትምህርት ቤት ቦታ ሲያገኙ፣ በተለይ በፕሩስያ፣ መምህራኑ ክብር እንዳይጐድላቸው ብለው በሕያው ልሳን ላይ የሙቱን ልሳን ሥርዓት ጫኑበት። ተማሪው የሕጉን አንቀጽ በቃሉ ይይዛል፣ የማይገናኙ ዐረፍተ ነገሮችን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ይገለብጣል፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ተምሮም በመንገድ ላይ ለገጠመው እንግዳ ቤቱን ሊያሳየው አይችልም።

የዚህን ትምህርት ፍጻሜ በራሱ ሕይወት ቀምሶ የጻፈው ፈረንሳዊው የላቲን መምህር ፍራንስዋ ጉዌን ነው። ጀርመንኛ ለመማር ወደ ሐምቡርግ ሄደና፣ ቤቱን ዘግቶ የሰዋስው መጽሐፉን 248 ከመደበኛው እርባታ የወጡ ግሦች ሳይቀሩ በጥቂት ቀን በቃሉ ያዘ፤ ወደ ጉባኤ ትምህርት ቢሄድ ግን የገባው አንዳች ቃል አልነበረም። እንደገና ተመልሶ 800 የቃል ሥሮችን አጠና፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ ሠላሳ ሺህ ቃል የያዘ መዝገበ ቃላት በሠላሳ ቀን በቃሉ አጠና፣ ዓይኑንም እስኪያመው ደከመ፤ አሁንም የሚነገረውን አልሰማም፣ ሊናገርም አልቻለም። ይህን ሁሉ የጻፈው ራሱን ለመንቀፍ ሳይሆን ዘዴውን ለመክሰስ ነው፤ የጻፈውም ክስ እስከ ዛሬ አላረጀም። ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ፣ ሲሄድ አፉን ያልፈታው የእኅቱ ልጅ በሦስት ዓመቱ የእናቱን ቋንቋ እንደ ልቡ ሲናገር አገኘው፤ ይህ ልጅ አንድ ቀን ወደ ወፍጮ ቤት ተወስዶ ሁሉን ካየ በኋላ፣ ወደ ቤቱ ተመልሶ ትናንሽ ከረጢቶች አሠራ፣ በእህል ፈንታ አሸዋ ሞላባቸው፣ በወራጅ ውሃ ላይም ትንሽ ወፍጮ አቁሞ፣ የሚሠራውን እያንዳንዱን ሥራ በየተራው እየተናገረ ይጫወት ጀመር።

ጉዌን በዚህ ልጅ ጨዋታ ውስጥ ያየውን ነገር በ1880 ዓ.ም. መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ ልጁ ቃላትን በተርታ አልያዘም፣ አንድን ድርጊት ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው ተከትሎ፣ በልቡ ሥሎ፣ ከዚያ በኋላ በቃል ገለጠው። ስለዚህ ትምህርቱን በድርጊት ተከታታይነት አዘጋጀው፤ ወደ በሩ መሄድ፣ መቅረብ፣ እጀታውን መያዝ፣ ማዞር፣ መክፈት፤ ተማሪው እያንዳንዱን ሥራ እየሠራ ስሙን ይናገራል፤ ግሡ የዐረፍተ ነገሩ ንጉሥ ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ሥርዓት ሁሉን ነገር ሊያስተምር አይችልም፤ የልብ ሐሳብና የክርክር ቋንቋ በር በመክፈትና በመዝጋት አይገለጥምና። ለጀማሪ ግን ከዚህ የሚሻል መግቢያ እምብዛም አላውቅም።

ከዚሁ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1878 ዓ.ም.፣ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የፈለሰው ማክሲሚሊያን በርሊትዝ በሮድ አይላንድ ግዛት በፕሮቪደንስ ከተማ ሲያስተምር፣ ረዳት እንዲሆነው በደብዳቤ የቀጠረው ፈረንሳዊ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሆኖ ተገኘ ይባላል። በርሊትዝ ታሞ ስለ ነበር፣ ረዳቱን በእጅ ምልክት እያመለከተ ነገሮችን በስማቸው ይጥራ ብሎ ወደ ተማሪዎቹ ሰደደው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድኖ ቢመለስ፣ እያዛጉ የተዋቸውን ተማሪዎች በፈረንሳይኛ ሲከራከሩ አገኛቸው። ከዚህ የተነሣ ትርጉም የማይገባበት፣ መምህሩ በሚያስተምረው ልሳን ብቻ የሚናገርበት ትምህርት ቤት በብዙ አገሮች ተስፋፋ፤ ደራሲው ጀምስ ጆይስ እንኳ በወጣትነቱ በፖላና በትሪየስቴ እንጀራውን ያገኘው በዚህ ትምህርት ቤት በማስተማር ነበር። በዩኒቨርሲቲዎችም ዘንድ ቪልሄልም ፊየቶር በ1882 ዓ.ም. ስሙን ሸሽጎ ባወጣው ትንሽ ድርሳን የቋንቋ ትምህርት ፊቱን እንዲያዞር ጠየቀ፤ ንግግር ከጽሕፈት ይቅደም፣ ድምፅ ይጠና፣ የተበጣጠሰው ዐረፍተ ነገር ቀርቶ የተያያዘ ንባብ ይሰጥ፣ ሰዋስውም ከንባቡ ውስጥ ይውጣ አለ። በዚያው ዘመን በኢየሩሳሌም ኤሊኤዘር ቤን ይሁዳ፣ በኒሲም ብኻር በሚመራው ትምህርት ቤት፣ ለብዙ ምእት ዓመታት የጸሎትና የመጻሕፍት ልሳን ሆኖ የቈየውን ዕብራይስጥ በራሱ በዕብራይስጥ ለሕፃናት ማስተማር ጀመረ።

ይህ ሁሉ ብርሃን ሳለ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በቀላሉ አልተለወጡም። ልሳኑን አቀላጥፎ የሚናገር መምህር በየስፍራው አይገኝም፤ በአንድ ክፍል የሚቀመጠው ተማሪም ብዙ ነው። በ1929 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው የኮልማን ዘገባ፣ አብዛኛው ተማሪ ከሁለት ዓመት በላይ ስለማይማር ከንባብ ሌላ ተስፋ አይሰጠው ብሎ ፈረደ፤ ትምህርቱም ለብዙ ዓመታት በዚህ ፍርድ ሥር ቈየ።

ያን ፍርድ የሻረው ጦርነት ነው። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሠራዊቷን ወደ ብዙ አገር ስትልክ፣ የጃፓንኛ፣ የማላይ፣ የሩስያኛ ተናጋሪ ያስፈልጋት ነበርና፣ በ1943 ዓ.ም. ወታደሮችን በ55 ዩኒቨርሲቲዎች ታስተምር ጀመር። እንደ ሌናርድ ብሉምፊልድ ያሉ የልሳን ሊቃውንት ያልተጻፉትን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልሳናት ያጠኑበትን መንገድ ወደ ክፍል አገቡት፤ የአገሩ ተወላጅ ይናገራል፣ ሊቁ ሥርዓቱን ያሳያል፣ ጥቂት ተማሪዎች በዙሪያቸው ተቀምጠው ያንኑ ደጋግመው ይናገራሉ። በቀን ዐሥር ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን መማር፣ የተማሪዎቹ ማነስና የፈቃዳቸው ብርታት ፍሬውን አበዛው። ከጦርነቱ በኋላ ግን ዘዴውን የወረሱት ሰዎች ፍሬውን ሁሉ ለድግግሞሹ ሰጡ፤ ሰዓቱንና የተናጋሪውን ሰው ነገር ዘነጉ። በ1957 ዓ.ም. ሩስያ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ በላከች ጊዜ አሜሪካ ደንግጣ በማግስቱ ዓመት ለሳይንስና ለልሳናት ትምህርት ብዙ ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ አወጣች፤ በየትምህርት ቤቱም የቴፕ መሣሪያ የተተከለባቸው ክፍሎች ተሠሩ።

የእኛም ቋንቋ በዚህ መንገድ አለፈ። በ1962 ዓ.ም. ወደ 280 የሚጠጉ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተሰናድተዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለአሜሪካ ዲፕሎማቶች ሰርጌ ኦቦሌንስኪ፣ ደበበው ዘለልዬና ሙሉጌታ አንዱዓለም ያዘጋጁት፣ በንግግርና በተከታታይ ልምምድ የተመሠረተው የአማርኛ መማሪያ ታተመ። መጽሐፉ ሰላምታን፣ መንገድ መጠየቅን፣ ገበያን ይዞ ይነሣል፤ ተማሪው አንዱን ዐረፍተ ነገር ይዞ፣ አንዱን ቃል በሌላ እየተካ፣ አንደበቱ እስኪገራ ድረስ ይደጋግማል። አማርኛ ግሥ በአንድ ቃል ውስጥ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አምቆ ስለሚይዝ፣ ለባዕድ አንደበት እንዲህ ያለ ልምምድ ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም። በቀቀን ብቻ እንዳይሆን ግን ተማሪው የሚነግረው ሰው፣ የሚነግረውም ጉዳይ ያስፈልገዋል።

ይኸው ጕድለት ብዙም ሳይቈይ ተገለጠ። የልሳን ሊቁ ኖአም ቾምስኪ በ1959 ዓ.ም.፣ ቋንቋ በልማድ ብቻ የሚተከል ነው የሚለውን የሥነ ልቡና ሊቁን የስኪነርን ትምህርት ከሥሩ ነቀፉ፤ ሰው ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ዐረፍተ ነገር ያለማቋረጥ ይፈጥራልና። በፔንስልቬንያ ግዛት በትምህርት ቤቶች ውስጥ የተደረገው ሰፊ ምርመራም፣ የድግግሞሽ ዘዴና የቴፕ ክፍሎች ከቀድሞው ትምህርት ይበልጣሉ የተባለውን ነገር ሳያገኝ ቀረ። በ1972 ዓ.ም. ሳንድራ ሳቪኞን በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በፈረንሳይኛ ጀማሪዎች ላይ አድርገው ያወጡት ጥናት ከሁሉ ይልቅ ግልጥ ነው፤ ሁሉም ተማሪዎች አንድ ዓይነት ትምህርት ሲማሩ፣ አንዱ ጓድ በሳምንት አንድ ሰዓት ስሕተትን ሳይፈራ የልቡን እንዲናገር ተሰጠው፣ ሌላው ያንኑ ሰዓት በቴፕ ክፍል አሳለፈ። በሰዋስው ፈተና ሁሉም ተካከሉ፤ ከሰው ጋር በመነጋገር ግን ያ አንድ ሰዓት የተሰጣቸው እጅግ በለጡ።

በካናዳ የተደረገው ነገር ከዚህ ሁሉ የሚደፍር ነበር። በሞንትሪያል አጠገብ በሴን ላምበርት የሚኖሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች፣ ልጆቻቸው በፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሕዝብ መካከል እየኖሩ ዓመታት ተምረውም ቋንቋውን አለመቻላቸው ስለ አሳዘናቸው፣ የትምህርት ቤቱን ሹማምንት ብዙ ከለመኑ በኋላ፣ በመስከረም 1965 ዓ.ም. 26 ሕፃናት ትምህርታቸውን ሁሉ በፈረንሳይኛ እንዲጀምሩ አስፈቀዱ። ዋላስ ላምበርትና ሪቻርድ ታከር የተባሉት ሊቃውንት ልጆቹን በየዓመቱ ፈተኗቸው። ይፈራ የነበረው አልደረሰም፤ እንግሊዝኛቸው አልተበላሸም፣ ሒሳቡም አልቀረባቸውም፤ ፈረንሳይኛን መስማትና ማንበብ እንደ ተወላጅ ልጆች ለመሆን ጥቂት ቀራቸው። ትምህርቱ ስለ ፈረንሳይኛ ሳይሆን በፈረንሳይኛ ስለ ነበር፣ ቋንቋው የሚያስፈልግበት ምክንያት በየሰዓቱ ነበረ።

ነገር ግን በዚህ መንገድ የተማሩ ልጆች ለስድስትና ለሰባት ዓመት ንጹሑን ፈረንሳይኛ እየሰሙ ሳለ፣ ሲናገሩና ሲጽፉ በጾታና በግሥ ጊዜ መሳሳታቸውን አልተዉም። መምህርት ሜሪል ስዌይን በ1985 ዓ.ም. ምክንያቱን ሲመረምሩ፣ በዚያን ጊዜ ስቲቨን ክራሸን ይበቃል ብለው ያስተምሩት የነበረው መስማትና መረዳት ብቻውን አይበቃም አሉ፤ የሚሰማ ሰው ሰዋስውን ዘልሎ ትርጉሙን ሊይዝ ይችላል፣ የሚናገር ግን ቃሉን በአገባቡ ለማሰካት ይገደዳል፣ ያን ጊዜም የጐደለውን ያውቃል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የቅኔ ቤታችን ሥርዓት በአሳቤ መጣ። ግእዝ በእናት ጡት የሚገኝ ልሳን መሆኑ ከቀረ ብዙ ምእት ዓመታት አልፈውታል፤ እንግዲያስ በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ ባለቅኔ እንዴት ሳይታጣ ቈየ? ተማሪው ግሡንና አገባቡን ተምሮ አይቀመጥም፤ ከሁለት ቤት ከማታልፈው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ከቀን ወደ ቀን አዲስ ቅኔ ይቈጥራል፣ ማታ በየኔታ ፊት ይነግራል፣ የኔታም ያርሙታል፤ የሰው ቅኔ መድገምም ነውር ነው። ስለዚህ የሰዋስው ሕግ ገና ትኵስ ሳለ ለራሱ ሐሳብ መግለጫ ይሆናል። ሰዋስውን ጨርሶ ከክፍል እናውጣ የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ መልካም ነበር፤ ጕዳቱ ከሕጉ ሳይሆን፣ ሕጉን ተምሮ ምንም ነገር ሳይሠሩበት ከመቅረት ነውና።

በግንቦት 1991 ዓ.ም. ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በተጓዙ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞችን በዕብራይስጥ ብቻ ሲያስተምር የኖረው የኡልፓን ትምህርት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው በአንዱ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ የሚያውቀውን ጐልማሳ ነበር። ከጎንደር ገጠር ለመጣው፣ የአባቶቹን ታሪክ በቃሉ ለሚያውቀው፣ ደብተር ግን ይዞ ለማያውቀው ሽማግሌ፣ ሰሌዳና መጽሐፍ በር ሳይሆኑ ግድግዳ ሆኑበት። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ጆሮውና ትዝታው ሀብቱ ናቸውና፣ ከሱቁ፣ ከሐኪም ቤቱና ከአውቶቡሱ ንግግር መነሣት፣ ጽሕፈቱንም ከዚያ በኋላ ማምጣት ይገባል።

በመጨረሻ ሊነገር የሚገባው፣ ስሕተት እንዴት ይታረም የሚለው ነው። ሮይ ሊስተርና ሊላ ራንታ በ1997 ዓ.ም. በሞንትሪያል አካባቢ ባሉ አራት ክፍሎች የተሰበሰበውን ከ18 ሰዓት የሚበልጥ ንግግር መርምረው ባወጡት ጥናት፣ ከመምህራኑ እርማት 55 በመቶው የተማሪውን ስሕተት በትሕትና አስተካክሎ ደግሞ የሚያልፍ ነበር፤ ከዚህም ዓይነቱ እርማት በኋላ ተማሪዎቹ አንዳች ምላሽ የሰጡት 31 በመቶውን ጊዜ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ መታረማቸውንም ያወቁ አይመስሉም። መምህሩ ትክክለኛውን ቃል ከተማሪው ሲጠይቅ፣ ለምሳሌ ዐረፍተ ነገሩን ጀምሮ መጨረሻውን ሲተውለት ግን ሁልጊዜ ተማሪው ምላሽ ሰጥቶአል፣ ወደ ግማሽ ለሚጠጋ ጊዜም ራሱ አርሞታል። ይህን በዋሽንግተን ወይም በሎንዶን በሰንበት ቀን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የስደተኛ ልጆችን አማርኛ የሚያስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች ቢሞክሩት እወዳለሁ። ልጁ «ትናንት ከአያቴ ጋር ወደ ገበያ እሄዳለሁ» ቢል፣ «ሄድህ? ደግ አደረግህ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ልጁም እንደ ተመሰገነ ያስባል። «ትናንት ከአያትህ ጋር ወደ ገበያ…» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን ሳይፈጽሙ ዐይን ዐይኑን እያዩ መጠበቅም ይቻላል። ልጁ ጥቂት ያስባል፤ «ሄድሁ» ብሎ ይጨርሳል፤ ያን ጊዜ አያቱ ምን እንደ ገዙ፣ ከማን ጋር እንደ ተከራከሩ፣ ለእርሱስ ምን እንዳመጡለት መጠየቅ ነው።